ሠርገኛ ሳይመጣ
የሩቅ ዘመድ አቀባበል በሠርግ ዋዜማ

«ሠርገኛ መጣ፤ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ዛሬ ከሠርግ ቤት ይልቅ በመሥሪያ ቤትና በስብሰባ አዳራሽ ሲነገር ይሰማል። ሥራውን በጊዜው ሳይጀምር ቆይቶ የመጨረሻዪቱ ሰዓት ስትደርስ የሚራወጥ ሰው ሁሉ የሚዘለፍበት ቃል ነው። ተረቱ ከተወለደበት ጓዳ ገብተው ሲመረምሩት ግን ከዘለፋነቱ በላይ የታሪክ ምስክር ሆኖ ይገኛል። በርበሬ መቀንጠስ የድግስ ሁሉ መነሻ ነው። ዛላው ተቀንጥሶና ታጥቦ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከቅመማ ቅመሙ ጋር ተደልዞ፣ በፀሐይ ተሰጥቶ፣ እንደ ገና ተቀምሞ፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ ለወጥ እስኪደርስ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። እንግዲህ ሠርገኛው ደጅ ከደረሰ በኋላ በርበሬ የሚቀነጥስ ቤት፣ ዘግይቶ የጀመረ ቤት ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን ሰው አስቀድሞ በልቡ ያልቆጠረ ቤት ነው። የተረቱ ነቀፌታ ያረፈው በዚህ ላይ ነው።

የነገሥታቱ ግብር ጸሐፊ አላጣም። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» የመንግሥቱን አስተዳደርና የቤተ መንግሥቱን ወግ ለተከታዩ ትውልድ አቆይቷል። የገበሬው የሠርግ ዋዜማ ግን ዜና መዋዕል አልተጻፈለትም። ታሪኩ የሚገኘው በተረትና በልማድ፣ በመንገዱና በድልድዩ፣ በቤቱ አሠራርና በሕጉ አንቀጽ ውስጥ ተበታትኖ ነው። እነዚህ ቁርጥራጮች ሲገጣጠሙ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ይኸውም ከሩቅ የመጣውን ዘመድ የሚቀበለው ባለሠርጉ ብቻውን እንዳልነበረ ነው። እንግዳው የሚመጣው ለአንድ ቤት ሲሆን የሚያድረው ግን በመንደሩ ሁሉ ነበር። ስለዚህ የሠርግ ዋዜማ ታሪክ «እንግዳው ዛሬ ማታ በማን ቤት ያድራል?» የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ ያገኘው መልስ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ዘመዱ ለመምጣት የሚችልበትን ወቅት መመልከት ይገባል። በደጋው ኢትዮጵያ፣ በተለይም በክርስቲያኑ ሕዝብ ዘንድ፣ ጥር የሠርግ ወር መሆኑ እንዲያው በዘፈቀደ አልሆነም። ከገና በፊት ጾመ ነቢያት አለ፤ ከጥምቀት በኋላም ብዙ ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ይገባል። በሁለቱ አጽዋማት መካከል ያለችው ጊዜ ጠባብ ናት። ይሁን እንጂ ያችው ጠባብ ጊዜ ምርቱ ተወቅቶ ጎተራ የገባባት፣ በሬው ከቀንበር ያረፈባት፣ ጭቃው ደርቆ ወንዙ የጎደለባት ጊዜ ናት። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የእርሻው ሥራና የመንገዱ ሁኔታ አንድ ላይ ተስማምተው በር የሚከፍቱት በዚያን ጊዜ ነው። ያለፈው ደግሞ ከትንሣኤ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። ከዚህ ውጪ ሠርግ ማድረግ ማለት ዘመድን ከነበቅሎው በሙላት ፊት አቁሞ መደገስ ማለት ነበር።

ወንዝ ሲባል ደግሞ በዚህች አገር ቀላል ነገር አይደለም። ዓባይ ጎጃምን ከሸዋ፣ ከወሎና ከበጌምድር የሚለይ ሸለቆ ቆፍሮ ሲያልፍ፣ በአንዱ ማዶ የተዳረች ልጅ ከእናቷ ወገን ጋር የምትገናኘው በበጋ ብቻ ይሆናል። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በሞጣ አቅራቢያ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ መሠራቱ ለነጋዴውና ለወታደሩ የጠቀመውን ያህል ለዘመዳሞችም ጠቅሟል። ይህ ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ መካከለኛው ቅስቱ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ተረፈው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርታት መንገደኛው ገመድ ወገቡ ላይ አሥሮ፣ በዚህና በዚያ ማዶ በቆሙ ሰዎች ጉልበት እየተሳበ ባዶውን አየር ይሻገር ነበር። ወደ ሠርግም ሆነ ወደ ለቅሶ የሚሄድ ዘመድ ሕይወቱን ለማያውቃቸው ሰዎች ክንድ አደራ ሰጥቶ ያልፍ እንደ ነበረ ሲታሰብ፣ በዋዜማው ደጅ ላይ የሚደረግለት አቀባበል ለምን ያን ያህል እንደ ከበረ ለማስተዋል አያዳግትም።

እንዲህ ያለውን መንገድ የሚያስነሣው ጥሪው ነው። «ጠሪ አክባሪ» ይባላል፤ የተጠራ ሰው ሳይመጣ ቢቀር የናቀው ድግሱን ሳይሆን አክባሪውን ነው። በጥንቱ ልማድ ጥሪ የሚደርሰው በሰው አፍ ነበር። መልእክተኛው ከመንደር መንደር እየዞረ ቀኑን ይናገራል፤ ሲመለስም ማን እንደሚመጣ፣ ማን ታሞ እንደሚቀር፣ ማን ስንት ሰው አስከትሎ እንደሚነሣ ይዞ ይመለሳል። የሠርጉ ቤት ስሌት የሚሠራው በዚህ ወሬ ላይ ነው። ስንት ጋን ጠላ ይጠመቅ፣ ጠጁ ስንት ማድጋ ማር ይፈልጋል፣ ጤፉ ስንት ቁና ይፈጭ፣ ሰንጋው አንድ ይሁን ወይስ ሁለት የሚለው ሁሉ ቀድሞ መታወቅ ነበረበት። ጠላው ከጥንስሱ እስከ ድፍድፉ የራሱ ቀን አለው፤ ጠጁም ከጌሾው ጋር ተዋሕዶ እስኪበስል አይቸኮልም። በ1886 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፖስታ ሲቋቋም፣ ከዚያም ስልኩ ሲስፋፋ፣ ጥሪው በወረቀትና በሽቦ መሄድ ጀመረ። ይሁን እንጂ የሚመጣውን ሰው በስሙ መቁጠር የባለሠርጉ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ቀኑ ሲቃረብ የመንደሩ ድርሻ ይመጣል። የሠርጉ ቤት በዋዜማው እንግዳ ማሳደሪያ ሊሆን አይችልም። ጓዳው በእንሥራና በድስት ተጨናንቋል፤ ደጁ በዳስ ተይዟል፤ ሴቶቹ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ወጥ ሲያማስሉ ያነጋሉ። ስለዚህ ጎረቤቶች አስቀድመው ይመካከራሉ። የሙሽራው የእናት ወገን ከእነ እገሌ ቤት፣ የአባት ወገን ከእነ እገሌ ቤት፣ አረጋውያኑ ከምድጃ አጠገብ፣ ጎረምሶቹ ከዳሱ ውስጥ ተብሎ ይደለደላል። መደቡ ይለቀለቃል፤ ጀንዲውና አጎዛው ይራገፋል፤ ለበቅሎው ሣር ይታጨዳል። ይህ ሁሉ ብድር ነው። ዛሬ እንግዳ ያሳደረ ጎረቤት ነገ ልጁን ሲድር የእሱም ዘመዶች በዚያው መንደር ተደልድለው ያድራሉ። በእርሻ ወንፈልና ደቦ እንዳለ ሁሉ፣ በሠርግም የማደሪያ ወንፈል ነበረ ለማለት ይቻላል።

መንገደኛው ከተቻለ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል። የመሸበት ማንኛውም ሰው «ቤት ለእንግዳ!» ብሎ ሲጣራ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ ማግኘቱ የታወቀ ልማድ ሲሆን፣ ለሠርግ የተጠራው ዘመድ ግን መጣራት ሳያስፈልገው ልጆች ከሩቅ አይተውት ሮጠው ይቀበሉታል። ስንቁና ኮርቻው ይወርዳል፤ ይዞት የመጣው ሙክት ወይም ማር ወደ ጓዳ ይገባል። ከዚያም ውሃ ሞቆ ይቀርብና በዕድሜ ያነሰው የቤቱ ሰው ጎንበስ ብሎ እግሩን ያጥበዋል። እግር ማጠብ ትሕትና ብቻ ሳይሆን የመንገዱን ርዝመት ማወቅ ነው፤ አቧራውንና ቁስሉን በእጁ የዳሰሰ አስተናጋጅ እንግዳው ምን ያህል ድካም ከፍሎ እንደ መጣ ያውቃል። በመጨረሻ ጠላ ይቀዳል፤ እህል ይቀርባል፤ ሰላምታውም ከሰው ጤና ወደ ከብቱ፣ ከከብቱ ወደ ዝናሙና ወደ ምርቱ እየተሸጋገረ ይራዘማል።

በዚህ ሰላምታ መካከል ግን የማይነገር ነገር ይኖራል። ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ የሩቁን ወሬ ይዞ ይመጣልና፣ አንዳንድ ጊዜ ወሬው የሞት ወሬ ነው። መርዶ ለሠርግ ቤት በዋዜማው አይነገርም። እንግዳው የወንድሙን ወይም የአክስቱን ሞት በሆዱ ይዞ፣ ፊቱን አብርቶ፣ እልል ሲባል እልል ብሎ ያመሻል። ሠርጉና መልሱ አልፎ፣ ሙሽሮቹ ከተደላደሉ በኋላ፣ ሽማግሎች ተሰብስበው ማልደው ያረዳሉ። የእንግዳው ማደሪያ ከሠርጉ ቤት ወጣ ያለ መሆኑ ለዚህም ይበጅ ነበር። ኀዘን ያለበት ሰው በጎረቤት ጣራ ሥር፣ ከባለሠርጉ ዐይን ርቆ፣ ሌሊቱን እንባውን ሊያፈስ ይችላል። ጎረቤቱም ምሥጢሩን ይጠብቃል። አንድ መንደር ደስታን ለመደገስ ብቻ ሳይሆን ኀዘንን ለማቆየትም ኃላፊነት ይወስድ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

ሌላው የሩቅ ዘመድ ጉዳይ ምስክርነት ነው። በአማራው ባሕል ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ይህ ቆጠራ የሚፈጸመው በእጮኝነቱ ጊዜ ቢሆንም፣ መዝገቡ የሚኖረው በሽማግሎች ራስ ውስጥ ነው። ልደትና ሞት በጽሑፍ በማይመዘገብበት አገር አያቱን፣ ቅድመ አያቱንና ከዚያም በላይ ያሉትን በስም የሚጠራ አረጋዊ እንደ ቤተ መዛግብት ይቆጠራል። በዋዜማው ምሽት በእሳቱ ዙሪያ የሁለት ሦስት አገር ሽማግሎች ሲገናኙ ይህ መዝገብ ይገለጣል፤ የተረሳው ይታወሳል፤ ወጣቶቹም ይሰማሉ። በሰማንያ ጋብቻ ደግሞ ውሉ የሚጸናው በምስክርና በዋስ ነው። ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ ለማስታረቅ ወይም ንብረቱን ለማካፈል የሚጠሩት እነዚያው በሠርጉ ቀን የነበሩት ሰዎች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በልማድ መሠረት የሚደረገውን ጋብቻ ሲያውቅ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ እውቅና ሳያነሣ ሲቀጥል፣ ጋብቻን ያዩና የሰሙ ሰዎች ቃል በሕግ ፊትም ዋጋውን እንደ ያዘ ቆይቷል።

በሙሽሪት ቤት የዋዜማው ምሽት ሌላ መልክ ነበረው። ሴት ዘመዶች ይሰበሰባሉ፤ እንሶስላ ተቀጥቅጦ እጇና እግሯ ይቀላል፤ ዘፈኑና እልልታው እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል። ከሩቅ የመጣች አክስት በዚያ ምሽት ታላቅ ስፍራ አላት። እሷ ራሷ አንድ ጊዜ ከዚሁ ቤት ወጥታ ወደ ሩቅ አገር የተዳረች ናትና፣ ለሙሽሪት የምትነግራት ምክር የእናት ምክር ያልደረሰበትን ይደርሳል። እውነቱን ላለመሸፈን መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ሙሽሮች ልጆች ነበሩ። የ1952ቱ ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት፣ ለወንድ 18 ዓመት ወስኖ ነበር፤ በገጠር ግን ከዚያም ያነሰች ልጅ ትዳር ነበር። የ1992ቱ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት እስኪወስን ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ሕጉ ባልተከበረበት ስፍራ፣ የእንሶስላው ምሽት ለአንዳንዲቱ ልጅ የልጅነቷ የመጨረሻ ሌሊት ነበረ። በዚያ ሌሊት ከአጠገቧ የተኛችው አክስት ማጽናኛ መሆኗ ባይካድም፣ ሠርጉን ለማስቆም ግን የተጠራች አልነበረችም። የአቀባበሉ ውበት ይህንን እውነት ሊያስረሳ አይገባም።

ይህ የመንደር ሥርዓት በከተማ ምን ሆነ? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከየአገሩ የመጣው ወታደር፣ ነጋዴና የእጅ ሙያተኛ በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን ሠፈረ። በዚህም ምክንያት በገጠር አንድ የነበሩት ሁለት ነገሮች ተለያዩ፤ ዘመድ ሩቅ ሆነ፤ ጎረቤትም ባዕድ ሆነ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የሠርግ እንግዳ አዲስ ደጅ አገኘ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር በመጀመሪያዎቹ ዐሥርታት በአንድ ትንፋሽ የሚያልፍ አልነበረም። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ለገሐር ወርዶ ይጠብቀዋል። በገጠር ልጆች ከኮረብታ ላይ ሆነው ያዩት የነበረው እንግዳ አሁን በሰዓት የሚጠበቅ ሆነ፤ የመቀበያውም ስፍራ ከቤቱ ደጅ ወደ ጣቢያው ደጅ ተዛወረ።

የተለያዩትን ዘመድና ጎረቤት እንደ ገና ያገናኘው የከተማው ሰው ራሱ ያቋቋመው ማኅበር ነው። እድር ዋነኛ ዓላማው ለቅሶ ቢሆንም፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ለሠርግም ይወጣል። ከዚያም በላይ እድር በቋንቋና በትውልድ ስፍራ የማይገናኙትን ሰዎች የአንዱ ደስታና ኀዘን ለሌላው ግዴታ እንዲሆን አስተሳስሯል። በዚህም ምክንያት ከወሎ የመጣች አያት በጉራጌው ጎረቤት አልጋ ላይ፣ ከወለጋ የመጣ አጎት በመንዜው ጎረቤት ሳሎን ማደሩ በከተማ እንግዳ ነገር አልሆነም። ፍራሽና ብርድ ልብስ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የጎረቤት ልጆች አልጋቸውን ለቅቀው መሬት ያድራሉ። የመንደሩ የማደሪያ ወንፈል በከተማ የሞተ ሲመስል በሌላ ስም ተነሣ ማለት ነው።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ ሲስፋፋና አውቶቡሱ ሲበዛ፣ የእንግዳው ጊዜ ተለወጠ። በበቅሎ ሲመጣ የነበረው ዘመድ የሚደርስበት ቀን በትክክል ስለማይታወቅ፣ ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድሞ ይገባና ሠርጉ ካለፈም በኋላ ይሰነብታል። መምጣቱም በጥቂት በጥቂቱ ነበር፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። አውቶቡስ ግን ሁሉንም በአንድ ምሽት አመጣቸው። ከጎንደር ወይም ከመቀሌ የተነሣ መንገደኛ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ አውቶቡስ ተራ ይወርድ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛውም ፈቃድ የሚያገኘው ለጥቂት ቀን በመሆኑ፣ ሠርጉ ወደ ቅዳሜና እሑድ ተሰበሰበ። እንግዲህ ዛሬ «የሠርግ ዋዜማ» ሲባል የሚታሰበው፣ ዘመድ ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚጎርፍበት ግርግር፣ ከጥንት የተወረሰ ሳይሆን መንገዱና የሥራው ሳምንት የወለዱት ነው። መንገዱ ሩቁን ቀረብ ሲያደርግ፣ አብሮ የመቆያውን ጊዜ ግን አሳጠረው።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ከመጣ በኋላ ደግሞ እንግዳ ማሳደር የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የከተማው ሕዝብ በቀበሌ ተደራጀ። ቀበሌው ለሠርግ አዳራሹን ይሰጥ ነበር፤ በዚያው መጠን ደግሞ በክልሉ የሚያድረውን ሰው ማንነት ለማወቅ ይሻ ነበር። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ዘመድ የይለፍ ወረቀት ይዞ መነሣት ነበረበት። ለብዙ ዓመታት የቆየው የሰዓት እላፊ ገደብም የዋዜማውን ምሽት ለሁለት ከፈለው፤ ወይ በጊዜ ወደ ቤት መመለስ፣ ወይ እስኪነጋ መቆየት። እንግዳው ለመምጣት ፈቃድ፣ ለማደር መታወቂያ ያስፈለገው በዚህ ዘመን ቢሆንም፣ ሠርጉ አልቀረም፤ ጎረቤቱም በሩን አልዘጋም። ገደቡ ሲደርስ በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የተዘፈነበት ሌሊት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚታወስ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ለውጥ ሌላ ጎዳና ያዘ። ድግሱ ከዳሱና ከድንኳኑ ወደ አዳራሽና ወደ ሆቴል፣ ወጡ ከጎረቤት ሴቶች እጅ ወደ ደጋሽ ድርጅት እየተሸጋገረ መጣ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ በብዛት የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ለብዙ ቤተሰብ የራሱ ቤት አስገኝተዋል። ይሁን እንጂ ባለ አንድ መኝታ ክፍሉ ቤት ለዐሥር እንግዳ አልተቀየሰም። ነባሩ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው በተበተነበት ጊዜም፣ ለሠርግና ለለቅሶ የተሳሰረው ጉርብትና አብሮ ተበትኗል። የቀድሞው ጎረቤት ፍራሹን ተሸክሞ አጥር ተሻግሮ ይመጣ ነበር፤ አሁን ከከተማው ሌላ ጫፍ ታክሲ ተሳፍሮ መምጣት አለበት። በእነዚህ ሕንፃዎች ግቢ እርድና ድግስ እንዲከናወንባቸው የታሰቡ የጋራ መገልገያ ቤቶች መሠራታቸው ቀያሾቹ ጉዳዩን ጨርሰው እንዳልዘነጉት ያሳያል። ለአዳሪው እንግዳ ግን ስፍራ አልተመደበም።

በዚሁ ዘመን ሩቅ የሚለው ቃል ራሱ ራቀ። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዐረብ አገሮች የሚመጣ ዘመድ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜም በሆቴል ያርፋል። ሆቴሉ ምቹ ነው፤ ነገር ግን በሆቴል ክፍል እሳት ዙሪያ የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። ከርቀት ሁሉ የከፋው ደግሞ በኪሎ ሜትር የማይለካው ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በመረብ ወዲህና ወዲያ ያሉ ቤተሰቦች ሃያ ዓመት ያህል አንዱ በሌላው ሠርግ ሳይገኝ ቀረ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የስልኩ መስመር ተከፍቶ፣ በዚያው ወር 11 ቀን የመንገደኞች አውሮፕላን ወደ አስመራ ሲበር፣ እናት ልጇን፣ ወንድም እኅቱን አቅፎ ያለቀሰበት ትዕይንት ታየ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የተከፈተው የየብስ መተላለፊያ ግን ብዙ ወራት ሳይቆይ ተዘጋ። በሰባራው ድልድይ ቢያንስ ገመድ የሚስቡ ክንዶች ነበሩ።

ታሪኩ በጠቅላላው ሲታይ፣ የሠርግ ዋዜማ አቀባበል የጠፋበት ዘመን አልተገኘም፤ ሸክሙን የሚካፈለው ግን በየጊዜው ተለዋውጧል። አንድ ጊዜ መንደሩ፣ አንድ ጊዜ እድሩ፣ አንድ ጊዜ ቀበሌው፣ አሁን ደግሞ በገንዘብ የሚከፈለው ሆቴል። ከእነዚህ ሁሉ ሆቴሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ብድር የለውም። ሒሳቡ በጠዋት ይዘጋል። የጎረቤት ሒሳብ ግን አይዘጋም፤ ዛሬ አልጋ የለቀቀ ልጅ ነገ በሌላው ልጅ ሠርግ ይጠራል፤ የተጠራውም ምስክር ይሆናል፤ ምስክሩም በጠብ ቀን ያስታርቃል። በዋዜማው ሌሊት የሚደለደለው አልጋ እንግዲህ ከአልጋነቱ ይበልጣል። እንግዳው ተመልካች ሆኖ ይምጣ ወይስ ባለጉዳይ ሆኖ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ይህ ማለት ያለፈው ሁሉ ይመለስ ማለት አይደለም። ያለ ዕድሜዋ የምትዳርን ልጅ የሚሸኝ ዋዜማ እንዲመለስ የሚፈቅድ የለም፤ ለድግስ ሲባል ጎተራን አራግፎ ዕዳ ውስጥ መግባትም ለማንም አይበጅም። ነገር ግን ቤት የሚነድፍ፣ ሰፈር የሚቀይስ፣ ነዋሪ የሚያዛውር ባለሙያ ሁሉ አንድ የቆየ ጥያቄ በሥራው መጀመሪያ ላይ ቢያኖር ሥራው አይጎዳም። ከሩቅ የመጣች አያት በሠርጉ ዋዜማ በዚህ ቤት፣ በዚህ ሰፈር፣ የት ታድራለች? ጥያቄው ሕንፃው ካለቀና ሰው ከገባበት በኋላ የተነሣ እንደ ሆነ፣ መልሱ በተረቱ አስቀድሞ ተነግሯል። ሠርገኛው መጥቷል፤ በርበሬው ግን ገና አልተቀነጠሰም።